የጌዴኦ አፍላግ ጐዳና

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ከዲላ ተነሥቶ፣ ወናጎን አቋርጦ ወደ ይርጋጨፌ የሚወጣው፣ ቀጥሎም እስከ ሞያሌ የሚዘልቀው አውራ ጐዳና በልምላሜው በአገራችን ከሚደነቁት መንገዶች አንዱ ሆኖ ሳለ፣ መንገደኛው ዐይኑን በዛፉና በቡናው ላይ አሳርፎ፣ ያንን ሁሉ ልምላሜ የሚመግበውን ውሃ ሳያስተውል ድልድዩን ይሻገራል። ጐዳናው የሚያልፍበት የጌዴኦ አገር ባህላዊ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በሪያድ ከተማ በተደረገው ጉባኤ በዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈረ ወዲህም፣ እንግዳ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ቱቱ ፈላና ስለ ጨልባ ቱቱቲ ትክል ድንጋዮች ነው። ለጥንታውያኑ ሐውልቶች ክብር ይገባቸዋል፤ እኔ ግን ይህ ጐዳና፣ ከዲላ ወደ ቡሌ ደጋ ከሚወጣው ቅርንጫፉ ጋራ፣ የውሃ ቅርስ ጐዳና ተብሎ እንዲሰየም፣ እንግዳውም በየድልድዩ እየቆመ እንዲማርበት እንዲደረግ አሳብ አቀርባለሁ።

ምክንያቴም ይህ ነው። የጌዴኦ ገበሬ ከአባቶቹ በወረሰው ጥበብ ዋንዛውንና ብርብራውን ከላይ፣ እንሰቱን ከመካከል፣ ቡናውን ከጥላቸው ሥር አስማምቶ ስለሚተክል፣ ከሰማይ የወረደው ዝናም ኀይሉ በዛፉ ቅጠል ላይ ተሰብሮ፣ በሰፊው የእንሰት ቅጠል ወደ ግንዱ ተንቆርቁሮ፣ ከዚያም በረገፈው ቅጠል ውስጥ ቀስ እያለ ወደ አፈሩ ይሰርጋል እንጂ፣ በተራቆተ ተራራ እንደሚሆነው ጐርፍ ሆኖ ምድሩን ጠርጎ አይሄድም። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 700 ያህል ሰው በኖረበት፣ ቍልቍለቱም እንዲህ በጸናበት አገር፣ ምድሪቱ ልብሷን ሳትገፈፍ እስከ ዛሬ መቈየቷ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። በዲላ አጠገብ የሚያልፈው ለገዳራ ወደ ጊዳቦ፣ ጊዳቦም ወደ አባያ ሐይቅ ይወርዳል፤ የአባያን ውሃ ያቀላው ከየተፋሰሱ ተጠርጎ የገባ ደለል መሆኑን ያወቀ ሰውም፣ አፈሩን በዛፍ ሥር አጽንቶ የያዘው የጌዴኦ ገበሬ ለሐይቁ ጭምር ባለውለታ መሆኑን ይረዳል። ውሃንና ደንን መጠበቅ የእምነትም ነገር ነው፤ ቤተ ክርስቲያን በቅዳሴዋ ስለ ዝናማትና ስለ ወንዞች ውሃ ትማልዳለች፤ የጌዴኦም ሽማግሎች ለሥርዐተ አምልኮ የተለዩትን ደኖች ምሳር እንዳይነካቸው ሲጠብቁ ኖረዋል።

ይሁን እንጂ፣ ጐዳናው ከመሰየሙ በፊት ልናስብበት የሚገባ ከባድ ነገር አለ። የይርጋጨፌን ስም በዓለም ያስጠራው የታጠበ ቡና ያለ ውሃ አይሆንም፤ እሸቱ በመፈልፈያው ተልጦ፣ በገንዳ ውስጥ ተብላልቶ፣ በቦይ ታጥቦ ነው አልጋ ላይ የሚሰጣው። ይህም ሥራ የሚከናወነው ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ዝናሙ እየቀነሰ ወንዙም እየሳሳ በሚሄድበት ወራት ስለ ሆነ፣ ገለፈቱና ዝልግልጉ ፈሳሽ ሳይጣራ ወደ ጅረቱ በተለቀቀ ጊዜ ጥቂቱን ውሃ ፈጥኖ ያበላሸዋል፤ ሲበሰብስም ለዓሣውና በውስጡ ለሚኖረው ፍጥረት ሁሉ መተንፈሻ የሚሆነውን አየር ይጨርሰዋል። ከላይ ቡናችን ንጹሕ ሆኖ ሲታጠብ፣ ከታች ያለችው እናት እንስራዋን ይዛ ወደዚያው ወንዝ ትወርዳለች። ይህንን እያየን እንግዳ ጠርተን በውሃችን ብንመካ፣ ትምክህታችን ሐሰት ይሆናል።

መድኀኒቱ የማይደረስበት አይደለም። ገለፈቱን ለይቶ ለማዳበሪያ ማዋል፣ ፈሳሹን በየጉድጓዱ አሳርፎ ማጣራት፣ ውሃ የሚቈጥቡ መፈልፈያዎችን መትከል ከታወቀ ቈይቷል። የጐደለው፣ ወጪው በማን ላይ ይውደቅ የሚለው ነው፤ እኔ እንደሚመስለኝ፣ ቡናውን የሚገዛው ሰው ለስሙና ለጣዕሙ አብልጦ ከሚከፍለው ዋጋ ለወንዙ ድርሻው ሊቈረጥለት ይገባል፤ ሸክሙን በገበሬው ላይ ብቻ መጫን ግፍ ነው። የዲላ ዩኒቨርሲቲም በመከር ወራት የየወንዙን ንጽሕና እየለካ፣ ውጤቱን በጌዴኦ ቋንቋ በጌዴኡፋና በአማርኛ በየድልድዩ ሰሌዳ ላይ ቢያስጽፍ፣ ሶንጎ በሚባለው ባህላዊ ሸንጎ የሚሰበሰቡት ሽማግሎችም ወንዙን የሚበክለውን ጠርተው የመጠየቅ ሥልጣን ቢታወቅላቸው፣ ጐዳናው እውነተኛ ጠባቂ ያገኛል። ውሃው በታወከበት ወራት ሰሌዳው ያንኑ ሳይሸሽግ ይናገር፤ እንግዳውም፣ የመፈልፈያው ባለቤትም፣ ከታች የሚቀዳው ጐረቤትም እኩል ያንብቡት።