አባ ሰንጋ፦ ከጋጣ እስከ ቅርጫ

በዓል በመጣ ቁጥር በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎና አካባቢው ጎረቤት ገንዘብ አዋጥቶ ቅርጫ ይገባል። በቄራ የሚታረድ ከብት በእንስሳት ሐኪም ይመረመራል፤ በግቢ የሚታረደውን ግን የሚያየው አራጁ ብቻ ነው። በሬው ከየት እንደመጣ፣ መከተቡንም ጠይቆ የሚገዛ ጥቂት ነው። አባ ሰንጋ ግን በአገራችን ዛሬም አለ። በአማራ ክልል ዋግ ኽምራ ሰውንም ከብትንም በተደጋጋሚ አጥቅቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 ኢትዮጵያ ቅድሚያ ከሰጠቻቸው ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፉ አምስት በሽታዎችም አንዱ ነው።

በሽታው ሰውን የሚይዘው በአብዛኛው የታመመ ከብት ሲያርድ፣ ቆዳ ሲገፍ ወይም ሥጋውን ሲበላ ነው። በቆዳ ከገባ መጀመሪያ የሚያሳክክ ቁስል ይወጣል፤ ከዚያ መሐሉ ይጠቁራል፣ ዙሪያው በኃይል ያብጣል። ቁስሉ ብዙም አያምም፤ የሚያዘናጋውም ይኸው ነው።

ብዙዎች የሚገድለው ተሕዋሲው ብቻ ይመስላቸዋል። ተሕዋሲው የሚያመነጨው መርዝ በመጀመሪያ የነጭ የደም ሴሎችን የማስጠንቀቂያ ሥርዓት ያፍናል፤ ዘበኛውን አስሮ ቤት እንደመግባት ነው። ሌላው የመርዙ ክፍል ፈሳሽ ከሴሎች እንዲወጣ እያደረገ እብጠቱን ያመጣል። ተሕዋሲው በደም ውስጥ ከተራባ በኋላ ደግሞ ሰውነት ዘግይቶ የሚሰጠው ምላሽ ራሱ ከመጠን ያልፋል፤ የደም ሥሮች ያፈሳሉ፣ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ኩላሊትና ሳንባ ይደክማሉ። በዚህ ጊዜ ፔኒሲሊን ተሕዋሲውን ይገድላል እንጂ አስቀድሞ የተረጨውን መርዝ አያጠፋም። የቆዳው ዓይነት ካልታከመ ከ100 ሕሙማን ከ10 እስከ 20 ያህሉን ይገድላል፤ በጊዜ ከታከመ ሞት እምብዛም የለም።

አርሶ አደሩ “ሳይሞት ይታረድ” የሚለው ኪሳራ አስጨንቆት ነው። የሚያርስበት በሬ ድንገት ሲወድቅበት ከሥጋው ጥቂት ብር ማዳን ይፈልጋል። ባለሙያው “አትክፈቱት፣ በጥልቀት ቅበሩት” ሲል ልክ ነው፤ በድኑ ሲከፈት ተሕዋሲው አየር አግኝቶ ጠንካራ ቅርፊት ይለብስና በአፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል፤ ማብሰልም ሁልጊዜ አያጠፋውም። ይሁንና በሬውን ቀብሮ ምንም ለማይተካለት ሰው ምክር ብቻውን የሚበቃ አይመስለኝም።

የሚያዋጣው ክትባት ነው። ክትባቱ እዚሁ ቢሾፍቱ ይመረታል፤ በሽታው በታየባቸው ቀበሌዎች በየዓመቱ መሰጠት አለበት። ከብት መሞት ከጀመረ በኋላ የሚደረግ ዘመቻ ለቀሩት ይጠቅማል፤ የመከላከል አቅሙ እስኪዳብር ግን ቀናት ይፈጃል። ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው የማይረጋ ጥቁር ደም የሚወጣ በድን ያየ ሰው ሳይነካው ለቅርቡ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ያሳውቅ።