ካሳ የማን ዕዳ ነው?

ባለፈው ወር አንድ ጎረቤቴ ልጁን ክርስትና ሲያስነሳ ተጠርቼ ነበር። ሕፃኑ በአርባ ቀኑ ተጠምቆ መጥቷል፤ ካህኑ የክርስትና ስሙን ሰጥተውታል፤ የቀረው የቤት ስሙ ነው። ምሳው ተበልቶ፣ ጠላው ተቀድቶ፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ የልጁ ሴት አያት ከተቀመጡበት ጥግ ሆነው፣ «እንግዲህ ካሳ በሉት» አሉ። ቤቱ ጭጭ አለ። ከሁለት ዓመት በፊት በዚያው ቤት የተወለደ ወንድ ልጅ በስምንት ወሩ እንደሞተ የማያውቅ እንግዳ አልነበረም። አባትየው የተማረ ጨዋ ሰው ነውና አማቱን ላለማስቀየም ፈገግ ብሎ፣ «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ልጄ የማንም ዕዳ መክፈያ አይደለም። ደግሞም የገጠር ስም ነው፤ ትምህርት ቤት ይስቁበታል» አላቸው። ሕፃኑ ናሆም ተባለ። እልልታው ቀለጠ። አያቲቱ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ዝም አሉ።

እኔም ዝም አልኩ፤ በሰው ድግስ ላይ ክርክር አይከፈትምና። ዛሬ ግን ያን ዝምታዬን በዚህ ገጽ መካስ እፈልጋለሁ። ምክንያቱም ነገሩ የአንድ ቤት ነገር አይደለም። ካሳ፣ ካሳሁን፣ መካሻ፣ ምትኩ፣ ተካ፣ ማስረሻ የሚባሉት ስሞች ከከተማችን አዲስ ልጆች ላይ አንድ በአንድ እየተራገፉ ነው። የሚያራግፏቸው ሰዎች ደግሞ ምን እየጣሉ እንደሆነ የሚያውቁ አይመስሉም።

በቅድሚያ ቃሉን ከሥሩ እንያዘው። ካሰ ማለት ለጠፋው፣ ለተጎዳው ወይም ለተበደለው ተመጣጣኙን ከፈለ ማለት ነው። ግዕዙም ትግርኛውም በቃሉ መካከል «ሐ»ን ይዘው ቆይተዋል፤ ካሕሳይ የሚለው የትግርኛ የወንድ ስም ከዚሁ ግንድ የበቀለ ነው። አማርኛችን የጉሮሮውን ድምፅ ውጦ ካሳ አለ። ቃሉ ለስላሳ የእናት ቃል አይደለም፤ የአደባባይ ቃል ነው። ነፍስ የጠፋበት ወገን በሽማግሌ ፊት የሚጠይቀው የደም ካሳ ነው። ከብቱ ሰብል የበላበት ገበሬ የሚጠይቀውም ካሳ ነው። የከተማው ሰውማ ከአዋጅ ቁጥር 455/1997 ጀምሮ፣ ኋላም በተተካው በአዋጅ ቁጥር 1161/2011፣ ቃሉን ከደብዳቤ ላይ በሚገባ ለምዶታል፤ ቤቱ ለሕዝብ ጥቅም ሲፈለግ ካሳ ይተመንለታል። በየትኛውም ቦታ ይሁን፣ ካሳ ባለበት ሁሉ አንድ የጎደለበት ሰውና አንድ መክፈል ያለበት ወገን አለ።

አሁን ይህን ቃል ከጎረቤቶቹ ጋር እናስተያየው። ምትኩና ተካ የሚናገሩት ባዶ ቦታ ስለመሙላት ነው። ማስረሻ የሚናገረው ሐዘኑ እንዲረሳ ስለመመኘት ነው። ካሳ ግን ቦታው ሞላ አይልም፤ ይረሳ አይልም። የሚለው ሌላ ነው፦ ተወስዶብኛል፤ የወሰደው ይክፈለኝ። ካሳሁን ደግሞ «ካሳ ሁን» የሚል ነው፤ ትእዛዝም ልመናም ነው።

ለመሆኑ ከፋዩ ማን ነው? ጎረቤቴ የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ልጄ የዕዳ መክፈያ አይደለም» ሲል ልጁን ባለዕዳ ያደረገው ራሱ ነው። በስሙ ውስጥ ልጁ የማንም ባለዕዳ አይደለም፤ ለእናቱ የተከፈለ ነው። ባለዕዳው፣ ድፍረቱን ይቅር ይበለንና፣ እግዚአብሔር ነው። የእኛ አገር እናት ሕፃን ሲሞትባት የሚነገራትን አስቡት። «የሰጠ ነሳ።» «ሌላ ይሰጥሻል።» «ለልጅ ብዙ አይለቀስም።» ለጨቅላ ብዙ ጊዜ ድንኳን አይጣልም፤ ሙሾ አይወርድም፤ ዓመቱን ጠብቆ ተዝካር የሚደግስለትም የለም። ሐውልትማ ከየት መጥቶ! እግዜርን በደልከኝ ብትል ደግሞ ኃጢአት ነው። ስለዚህ ይህቺ ሴት የሚቀጥለውን ልጅ እስክትወልድ ትጠብቅና በአንዲት ቃል ክሱንም፣ ፍርዱንም፣ ክፍያ መቀበሏንም በአንድነት ትናገራለች፦ ካሳ። ልጁ በደጅ በተጠራ ቁጥር የፊተኛው ልጅ እንደነበረ ይመሰከራል። እንግዲህ እኛ «ኋላ ቀር» ብለን የምንጥለው ይህን ነው፤ የሞተው ሕፃን በዚህ ዓለም ላይ ያለውን ብቸኛ ምልክት።

የስንት ሕፃን ምልክት እንደሆነ በቁጥር እንየው። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአገራችን በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት መካከል 166ቱ አምስተኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ ይሞቱ ነበር። ከስድስቱ አንዱ ማለት ነው። በ2008 ዓ.ም. ጥናት ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል፤ ይህም ከአሥራ አምስቱ አንድ ግድም ነው። ካሳ የሚባል ልጅ የጠፋው ሞት ስላነሰ ቢሆን ኖሮ እኔ ራሴ እልል እላለሁ! ነገር ግን ከአሥራ አምስት አንዱም እናት አለው። ጎረቤቴ ቤት የሞተው ልጅ ከዚያ አንዱ ነው። ስሙን ያስጣለን የሞት መቀነስ ሳይሆን የሐዘን እፍረት ነው።

በሌላ በኩል ስሙን በመውደድ የሚበድሉትም አሉ። እነዚህኞቹ ካሳ በተባለ ቁጥር ዘውድ ይታያቸዋል። እርግጥ ነው፣ ካሳ ኃይሉ የካቲት 1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ፤ ካሳ ምርጫም ጥር 1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዐፄ ዮሐንስ ተብሎ ዘውድ ጫነ። በሃያ ዓመት ውስጥ ሁለት ካሳዎች ነገሡ። ከዚህ ተነሥተው «ከልጅነቱ ለአገር ካሳ እንዲሆን ተመርጦ» እያሉ የሚተርኩ አሉ። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚለውንም ይጨምሩበታል። ለእነዚህ አንድ ሌላ ካሳ ላስታውሳቸው። ልዑል ራስ ካሳ ኃይሉ በ1928 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ሲሰደዱ ልጆቻቸው በአርበኝነት አገር ቤት ቀሩ። ወንድወሰን፣ አበራና አስፋወሰን ሦስቱም በአንድ ታኅሣሥ ወር፣ በ1929 ዓ.ም.፣ በፋሺስቶች እጅ ተገደሉ። ተርፈው የነበሩት ልዑል ራስ አሥራተ ካሳ ደግሞ ኅዳር 1967 ዓ.ም. በደርግ ተረሸኑ። ስሙን ያወጣው መልአክ ከሆነ፣ ካሳ ያለው ሰው ይህን ሁሉ ሲያጣ ምን ሊለን ነው?

መልአክ ስም አያወጣም። ስም የሚያወጣው ያንን ቀን የሚያውቅ ሰው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም እናት ወይም አያት ናት። ካሳ ስለሚመጣው ትንቢት አይናገርም፤ ስላለፈው ይመሰክራል። ንጉሥ አድርጎ ማሞገሱም ባላገር አድርጎ ማፈሩም ምስክሩን ከችሎት ያስወጡታል።

«ነገሥታቱ ራሳቸው ጥለውት የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። አልጣሉትም። ሲነግሡ የዘውድ ስም መያዝ የመንግሥቱ ሥርዓት ነበር፤ ሣህለ ማርያም ምኒልክ፣ ተፈሪም ኃይለ ሥላሴ እንደተባሉት ማለት ነው። ሕዝቡማ ቴዎድሮስን ዛሬም ሲወደው «መይሳው ካሳ» ነው የሚለው።

ወደ ናሆም ልመለስ። ወላጆቹ የመረጡት አጭር፣ ዘመናዊና መጽሐፍ ቅዱሳዊ ስለሆነ ነው። መልካም። ግን ናሆም በዕብራይስጥ ምን ማለት ነው? መጽናናት። ያዘነ ሰው ብቻ የሚያስፈልገው ነገር! ጎረቤቴ አማርኛውን ካሳ ሸሽቶ ዕብራይስጡ ውስጥ ገባ፤ ልዩነቱ የሚሰማው ሰው የማይረዳው መሆኑ ብቻ ነው። የመጽሐፍ ቅዱስ ስም ካልን ዘንድ የመጀመሪያው የካሳ ልጅ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ አራት መጨረሻ ላይ አለ። ሔዋን አቤል ከተገደለባት በኋላ የወለደችውን ሴት ያለችው፣ እግዚአብሔር በአቤል ፈንታ ሌላ ዘር ስለተካላት ነው። የሰው ዘር የመጀመሪያዋ እናት ያደረገችውን የጎረቤቴ አማት ቢያደርጉት ኋላ ቀር ይባላሉን?

አሁን ጠንካራውን ተቃውሞ ልጥቀስ፤ ሳይጠቅሱ ማለፍ ሐቀኝነት አይደለም። ሕያው ልጅ የሙት ጥላ ተሸክሞ ይደግ ወይ? ጥያቄው ቀልድ አይደለም። ሠዓሊው ቪንሰንት ቫን ጎግ የተወለደው መጋቢት 30 ቀን 1853 እ.ኤ.አ. ነው፤ ልክ ከዓመት በፊት በዚያው ቀን ሞቶ የተወለደው ወንድሙም ቪንሰንት ቫን ጎግ ነበር። ልጁ አባቱ በሚሰብክበት ቤተ ክርስቲያን ግቢ የራሱ ስም የተጻፈበትን የመቃብር ድንጋይ እያየ አደገ። ይህ በእውነት ከባድ ነው። ነገር ግን ልዩነቱን እንመልከት። እዚያ ሕያው የሙቱን ስም ወረሰ፤ ሁለቱ በአንድ ስም ተምታቱ። ካሳ ግን ይለያቸዋል። አንተ እርሱ አይደለህም፤ እርሱ ነበረ፣ አንተ ደግሞ ስለ እርሱ የተሰጠኸኝ ነህ ይላል። «የፊተኛው ቢኖር እንዲህ አያደርግም ነበር» እያለች ልጇን የምታስመርር እናት አለች፤ አልክድም። ጥፋቱ ግን የአስተዳደጓ እንጂ የስሙ አይደለም፤ ናሆም ብላም ልታስመርረው ትችላለች።

«የገጠር ስም» ስለሚባለው ብዙ አልልም። ከእኛ ከከተሜዎቹ መካከል አያቱ ወይም ቅድመ አያቱ ከገጠር ያልመጣ ስንቱ ነው? በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ለተወሰዱት ቤተ እስራኤላውያን ብዙዎቹ እንደደረሱ የዕብራይስጥ ስም ተሰጣቸው። ኋላ ከመካከላቸው እናታቸው ባወጣችላቸው ስም ለመጠራት የተመለሱ አሉ። እነርሱ ስማቸውን የለወጠባቸው የመዝገብ ሹም ነበረ፤ እኛን ማን አስገደደን?

ሁሉም ልጁን ካሳ ይበል አላልኩም። ሐዘን ያልነካው ቤት ደስ ያለውን ስም ያውጣ። ሐዘኑን በሆዱ ብቻ መያዝ የፈለገም መብቱ ነው። የምቃወመው ያችን ቃል በስተርጅናቸው ደፍረው ያወጡትን አሮጊት በሳቅ ማሳለፍን ነው። በዚያ ቤት ስለሞተው ልጅ በዚያ ቀን የተናገሩት እርሳቸው ብቻ ነበሩ፤ የተናገሩትም አንዲት ቃል ነበረች።

ጎረቤቴ ይህን ማንበቡ አይቀርም። አይቀየመኝ። ልጁም ናሆም ሆኖ በጤና ይደግ። አንድ ቀን ግን ከትምህርት ቤት ይመለስና፣ «አባዬ፣ ስሜ ምን ማለት ነው?» ይለዋል። «መጽናናት ማለት ነው» ይለዋል አባቱ። ልጅ ነውና «ከምን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ያን ጊዜ አያቱ በሕይወት ቢኖሩ መልሱን ለእርሳቸው ይተውላቸው።