ካላዛር የሥራ በሽታ ነው፤ አሠሪው ይጠየቅ!

ዛሬ እንደ ወትሮው "ምልክቱ ይህ ነው፣ መከላከያው ይህ ነው" ብዬ ብቻ አላልፍም። እሱንም ከታች ታገኙታላችሁ። መጀመሪያ ግን ስለ ደመወዝና ስለ አሠሪ እናውራ፤ ይህን በሽታ ከሁለቱ ነጥሎ ማከም አይቻልምና።

ሰኔ ሲገባ ለአረም፣ መስከረም ሲጠባ ለሰሊጥ አጨዳ፣ ከድብ ባሕር፣ ከደባርቅ፣ ከዳባት፣ ከጃናሞራና ከበየዳ ወጣቱ ጎንደርን አልፎ ወደ መተማ፣ ወደ አብደራፊና ወደ ሁመራ በረሃ ይወርዳል። የሚወርደው ወዶ አይደለም። መሬቱ ለወንድማማቾች ሲካፈል ጠብቧል፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ጃናሞራና በየዳ በድርቅ ሲመቱ ያችው ጠባብ መሬት እንኳ ሳትሰጥ ቀረች። ስለዚህ ወርዶ ይሠራል።

ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም። ከደረሰ በኋላ ጥቂት ቀን ቢቆይ ፍሬው ተከፍቶ ይረግፋል። ባለሀብቱ ይቸኩላል፣ ካቦው ያጣድፋል፣ ሠራተኛውም በኮንትራት ስለሚከፈለው የቀኑን ሙቀት ሸሽቶ በጨረቃ ሳይቀር ያጭዳል። ሲደክመው የሚተኛው ግራር ሥር ወይም በላስቲክ በተሸፈነች ዳስ ውስጥ፣ መሬት ላይ ነው።

ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ደግሞ መኖሪያዋ እዚያው ነው፦ በተሰነጣጠቀ የዋልካ መሬት ውስጥ፣ በግራር ሥርና በኩይሳ አካባቢ። ከወባ ትንኝ ታንሳለች፣ ድምፅ አታሰማም፣ ከምሽት እስከ ንጋት ትነድፋለች። ሰውነት ውስጥ የምታስገባው ጥገኛ ተሕዋስ ጣፊያን፣ ጉበትንና መቅኒን ያጠቃል። ሳይታከሙ ከቀሩ ከመቶ ሰው ከ95 በላይ የሚሆኑት ይሞታሉ። ከመቶ ዘጠና አምስት!

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ይህን ልጅ እዚያ መሬት ላይ ያስተኛው ማን ነው?

"የእግዜር ቁጣ ነው"፣ "ዕድሉ ነው" ስንል ኖረናል። የአሸዋ ዝንብ ሰው አትመርጥም የሚሉም አሉ። ትመርጣለች እንጂ! ከተማ ውስጥ በብሎኬት ቤት፣ በአልጋ ላይ የሚያድረውን የእርሻ ባለቤት አታገኘውም። የምታገኘው ዳስ ውስጥ የሚያድረውን ነው። ነገሩ አዲስ ቢሆን "አላወቅንም" ማለት ይቻል ነበር። በሁመራ ሰፋፊ እርሻዎች ከተስፋፉ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ፣ በሽታው በቀን ሠራተኞች ላይ በወረርሽኝ መልክ ታይቷል። በ1997 ዓ.ም. ደግሞ በረሃ ባልሆኑት በሊቦ ከምከምና በፎገራ ወረርሽኝ ተነስቶ መጀመሪያ ላይ መድኃኒት የተላመደ ወባ መስሎ ነበር። ወደዚያ ያመጡት ከቆላ እርሻ የተመለሱ ሠራተኞች ሳይሆኑ እንዳልቀሩ ተጽፏል። ከሃምሳ ዓመት በኋላም ሠራተኛው የሚተኛው እዚያው መሬት ላይ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ፤ እኔን እጅግ የሚያበሳጨኝ እሱ ነውና።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ጤንነትና ደኅንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድ ያስገድዳል። ጥሩ ነው። ሠራተኛው በሥራ ምክንያት ከታመመም የሕክምናው ወጪና ካሳው የአሠሪው ነው። ይህም ጥሩ ነው። አንቀጽ 98 ላይ ስንደርስ ግን በሥራው አካባቢ የተለመዱና እዚያው የሚይዙ በሽታዎች "በሥራ ምክንያት የመጣ በሽታ" ተብለው አይቆጠሩም ይላል። ከዚህ ውጭ የተደረገው በሽታውን ለመዋጋት የተመደበ ሠራተኛ ብቻ ነው።

ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳ። ካላዛርን ለመዋጋት ወደ እርሻው የተላከ ባለሙያ በሽታው ቢይዘው የሥራ በሽታ ይባልለታል። እዚያው እርሻ ላይ ሲያጭድ የተነደፈው የድብ ባሕር ልጅ ግን "የአካባቢው በሽታ ነው" ተብሎ በባዶ እጁ ይሸኛል። ወደዚያ አካባቢ የወሰደው ሥራው አይደለም እንዴ?

"የሕመም ፈቃድ አለው" እንዳትሉኝ። የሕመም ፈቃድ ከክፍያ ጋር የሚገኘው የሙከራ ጊዜ ካለቀ በኋላ ነው። የሙከራ ጊዜ ደግሞ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊደርስ ይችላል። አጨዳው ከዚያ በፊት ያልቃል! ዝቅተኛ ደመወዝም ቢሆን አዋጁ የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ቢልም፣ ለግሉ ዘርፍ የተቆረጠ ወለል እስካሁን የለም። ታካሚዎቼ የሚነግሩኝም አንድ ዓይነት ነው፦ የታመሙበት ቀን አይከፈልም፣ የበሉበት ይቆረጣል፣ ሒሳብ የሚታሰበው መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ ትኩሳት የያዘው ልጅ ገንዘቡ እንዳይቀርበት እያተኮሰው ያጭዳል።

ካላዛር ደግሞ ለአሠሪ የሚመች በሽታ ነው። ከተነደፉ በኋላ ምልክቱ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 6 ወር ቆይቶ ነው። ያኔ ሰሊጡ ተሽጧል፣ ካቦው ስልክ አያነሳም፣ ልጁ እናቱ ቤት ተኝቷል። መድኃኒቱ በመንግሥት የሕክምና ማዕከላት በነጻ ይሰጣል፤ ግን መርፌው በየቀኑ ለ17 ቀን ነው። የትራንስፖርት፣ የአስታማሚ፣ የምግብ ወጪ ከየት ይምጣ? በረሃ ወርዶ ያመጣው ገንዘብ እዚያው ያልቃል፤ ካልበቃ በግ ይሸጣል፣ ከዚያ በሬ ይሸጣል።

"ባለሀብቱን አክስረሽ እርሻ ልታዘጊ ነው?" ለምትሉኝ፦ የአንድ አጎበር ዋጋ ከአንድ ኩንታል ሰሊጥ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ሰሊጣችን በምርት ገበያ ንጽሕናው ተመርምሮ ደረጃ ይወጣለታል። ያጨደው ሰው የተኛበትን ዳስ ግን ማንም አይመረምርም። እውነቱን ለመናገር አጎበር ብቻውንም አይበቃም፤ ማታ የሚያጭድ ሰው በሥራ ላይ እያለ ይነደፋልና። ለዚህ ነው የምርመራና የካሳ መብት የግድ የሚሆነው።

"የት እንደተነደፈ በምን ይታወቃል?" ለሚሉም መልስ አለ። አዋጁ ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዛል። ወረቀቱ ካለ ማን፣ መቼ፣ የት እንደሠራ ይታወቃል። ወረቀት የማይሰጠው አሠሪ "ማስረጃ የለም" ብሎ ሊከራከር አይገባም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ግልጽ ነው፦

• በቆላው እርሻ የሠራ ሰው ካላዛር ሲይዘው የሥራ በሽታ ተብሎ ይቆጠር፤ አንቀጽ 98 ይሻሻል።
• ከመሬት ከፍ ያለ መኝታና አጎበር ያላዘጋጀ እርሻ ሠራተኛ አይቅጠር።
• የሥራና ሥልጠና ቢሮ ተቆጣጣሪዎች በአጨዳ ወቅት እርሻው ድረስ ይውረዱ።

እስከዚያው ወደ በረሃ ለምትወርዱ ወንድሞቼና እህቶቼ፦

• ከመሳፈራችሁ በፊት ስለ ክፍያው ብቻ ሳይሆን ስለ መኝታው፣ ስለ አጎበሩ፣ ቅርብ ስላለው ጤና ጣቢያም ጠይቁ። ውል ተቀበሉ፤ የእርሻውንና የካቦውን ስም ያዙ።
• በኬሚካል የተነከረ፣ ቀዳዳው የጠበበ አጎበር ተጠቀሙ። ከግራር ሥር፣ ከኩይሳና ከተሰነጠቀ መሬት ርቃችሁ ተኙ። ማታ እጅና እግር የሚሸፍን ልብስ ልበሱ።
• ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ፣ በግራ ጎን የሆድ ማበጥ (ጣፊያ)፣ ነስር ወይም ድካም ካያችሁ ወደ ሆስፒታል ሂዱ። "በረሃ ሠርቼ ነበር" ብላችሁ ለሐኪሙ ንገሩ፤ ሳይጠይቃችሁም ንገሩት። የወባና የታይፎይድ መድኃኒት ወስዳችሁ ካልተሻላችሁ የካላዛር ምርመራ ጠይቁ።
• የኤች አይ ቪ ምርመራም አድርጉ። ሁለቱ አብረው ሲገኙ ሕክምናው ይለያል፣ በሽታውም ቶሎ ያገረሻል።
• 17ቱን ቀን ሳትጨርሱ አትውጡ። ጸበሉንም ያዙ፣ መድኃኒቱንም አታቋርጡ።

ባለሀብቶች ሆይ፣ ይህ ልጅ ሰሊጣችሁን ሳይረግፍ ሰብስቦላችኋል። እናንተም እሱን ሳይረግፍ ወደ እናቱ መልሱት።

በረሃ የሚወርድ ዘመድ ላለው ሁሉ ሼር አድርጉለት።