ዝውውርና ርክክብ

በአገራችን ዝናሙ ጣራውን በሚደበድብበት በሐምሌና በነሐሴ፣ በአውሮፓ በጋ ነው። የኳሱ ሜዳ ጸጥ ይላል፤ ሣሩም ያርፋል። የክለቦቹ ጽሕፈት ቤት ግን ከዓመቱ ሁሉ ይልቅ ሥራ የሚበዛበት በዚህ ጊዜ ነው። ማን ይሄዳል? ማን ይመጣል? በስንት? እየተባለ ገበያው ይደራል። እርስዎም ከምሳ በኋላ ቡና ሲጠጡ ከባልደረባዎ ጋር የሚከራከሩት በዚሁ ጉዳይ እንደሚሆን እገምታለሁ።

ዝውውር የሚለው ቃል ለመሥሪያ ቤት ሰው እንግዳ አይደለም። አንድ ጸሐፊ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲዛወር መዝገቡን፣ ማኅተሙንና የመሳቢያውን ቁልፍ ቆጥሮ ያስረክባል፤ ተረካቢውም ይፈርማል። ነገር ግን የትኛው ጉዳይ በማን በኩል ቢሄድ ቶሎ እንደሚያልቅ በርክክቡ ዝርዝር ላይ አይሰፍርም። ይህ ዕውቀት ከሰውዬው ጋር አብሮ ይሄዳል። በእግር ኳስም ትልቁ ጉዳት ከዚህ ይመጣል። ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንመልከተው፤ ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሞናኮ በደቡብ ፈረንሳይ ባሕር ዳር ያለች፣ ስፋቷ ሁለት ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ትንሽ አገር ናት። ክለቧ የሚጫወተው በፈረንሳይ ሊግ ነው። ስታዲየሙ ከ20 ሺህ ያነሰ ሰው የሚይዝ ሲሆን፣ እርሱም ብዙ ጊዜ አይሞላም። በመግቢያ ትኬት ገቢ ብቻ ትልቅ ቡድን ማኖር ስለማይቻል፣ ክለቡ ወጣቶችን በመጠነኛ ዋጋ ገዝቶ፣ አሠልጥኖ፣ በውድ መሸጥን ልማድ አደረገ። ይህም ዘዴ ፍሬ ሰጠ። በ2017 ዓ.ም. በአሠልጣኙ በሌዮናርዶ ጃርዲም መሪነት ቡድኑ 107 ግብ አስቆጥሮ፣ 95 ነጥብ ይዞ የፈረንሳይ ሻምፒዮን ሆነ። በአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግም ማንችስተር ሲቲን አስወጥቶ እስከ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ።

ወዲያው ገዢዎች በሩን ያንኳኩ ጀመር። በዚያው በጋ በርናርዶ ሲልቫና ቤንዣማን ሜንዲ ወደ ማንችስተር ሲቲ፣ ባካዮኮ ወደ ቼልሲ ሄዱ። የ18 ዓመቱ ወጣት ኪሊያን እምባፔም በመጨረሻው ቀን፣ በኦገስት 31፣ ወደ ፓሪ ሳን ዠርመን ተሻገረ። ለጊዜው በውሰት ነበር፤ በኋላ ግን ዋጋው እስከ 180 ሚሊዮን ዩሮ ተቆረጠ። እያንዳንዱ ሽያጭ ለብቻው ሲመዘን እንከን የለበትም። ይህን ያህል ገንዘብ ቀርቦለት እንቢ የሚል ገንዘብ ያዥ ከወዴት ይገኛል? የተጫዋችም የሙያ ዕድሜ አጭር ነውና፣ ሄደ ተብሎ አይወቀስም።

አሁን ልብ ይበሉ። በሚቀጥለው ዓመት ሞናኮ ወደቀ? አልወደቀም። በ2018 ዓ.ም. 80 ነጥብ ይዞ ሁለተኛ ወጣ። «ታዲያ ምን ጎደለ?» ያሰኛል። ምሰሶ በተነቀለ ቀን ጣራው ወዲያው አይወርድም፤ የቀሩት ምሰሶዎች ይሸከሙታልና። ፋቢኞ፣ ሌማርና ነባሩ ሞቲንሆ ገና ከቡድኑ ጋር ስለነበሩ ለአዲስ ገቢዎች መንገዱን ያሳዩ ነበር። ነገር ግን በ2018 በጋ እነርሱም ተሸጡ። ፋቢኞ ወደ ሊቨርፑል፣ ሌማር ወደ አትሌቲኮ ማድሪድ፣ ሞቲንሆ ወደ ወልቨርሃምፕተን ሄዱ። በምትካቸው ተስፋ ያላቸው ልጆች ተገዙ፤ ከነዚህም አንዱ ገና 16 ዓመቱ ነበር።

ጣራው ያን ጊዜ ወረደ። በኦክቶበር ጃርዲም ተሰናበተ። በወጣትነቱ ለዚሁ ክለብ የተጫወተው ስመ ጥሩው ቴሪ ኦንሪ ተተካ፤ ሦስት ወር ያህል ቆይቶ እርሱም ተነሣ፤ ጃርዲምም ተመልሶ ተጠራ። ቡድኑ በሻምፒዮንስ ሊግ ከስድስት ጨዋታ ያገኘው አንድ ነጥብ ብቻ ነበር። በአገር ውስጥም ከ20 ክለቦች 17ኛ ሆኖ ከመውረድ ለጥቂት ተረፈ። ሻምፒዮን ከሆነ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር!

ምክንያቱን ሜዳ ላይ እናገኘዋለን። የመስመር ተከላካይ ለማጥቃት ወደ ፊት ሲሮጥ፣ ትቶት የሄደውን ቦታ አንድ አማካይ ዞር ሳይል መሸፈን አለበት። ይህ በትእዛዝ አይገኝም፤ አብሮ በመልመድ ይገኛል። አንድ አዲስ ሰው በነባሮች መካከል ቢገባ በጥቂት ወራት ይማረዋል። ሁሉም አዲስ የሆኑ እንደሆነ ግን ማን ከማን ይማራል? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ላበረ ድር ነው፤ በአንድነት ላልተገመደ ክር አይደለም።

እንግዲህ ቡድን መታደስ የለበትም ማለቴ አይደለም። ያረጀው መሄዱ፣ ወጣቱ መምጣቱ የግድ ነው፤ ግን በተራ ይሁን። በሚመጣው ክረምት የሚወዱት ክለብ ስም እየጠራ ሲገዛ፣ ዋጋውን ብቻ አይጠይቁ። ከነባሮቹ እነማን ቀሩ? አዲሱ ልጅ ከማን ይማራል? አሠልጣኙስ ስንት ጊዜ ተሰጠው? ብለው ይጠይቁ። ፍርድዎንም እስከ ሁለተኛው ዓመት ያቆዩት።

እርስዎም አንድ ቀን የዝውውር ደብዳቤ ቢደርስዎ፣ ከመሳቢያው ቁልፍ ጋር የሚያውቁትንም ለተተኪዎ ያስረክቡ።