«ለምደነዋል» ማለት ይብቃ

ለአካባቢያችን ነዋሪዎች በሙሉ፤

የአውሎ ነፋሱ ወራት በመጣ ቁጥር በየደረጃው ሥርና በልብስ ማጠቢያው ክፍል አንድ አባባል ሲዘዋወር እንሰማለን። «መብራት መጥፋት ለእኛ ምን ብርቁ ነው? በኩራዝ ያደግን፣ በፋኖስ ያጠናን ሰዎች አይደለን? ለምደነዋል» ይባላል። ይህን የሚሉት ወገኖች ክፉ አስበው አይደለም፤ እንዲያውም ለማጽናናት ነው። ይሁን እንጂ አባባሉ በአንድ በኩል ሰውን ለአደጋ እያጋለጠ፣ በሌላ በኩል መጠየቅ ያለበትን ክፍል ከመጠየቅ እያስመለጠ በመሆኑ በዝምታ ልናልፈው አልቻልንም።

ለመሆኑ የለመድነው ምኑን ነው? አገር ቤት መብራት ሲጠፋ ኑሮው ራሱ ያለ መብራት መቆም ይችል ነበር። ከሰሉ ደጅ ይቀጣጠላል፣ መስኮቱ ይከፈታል፣ ማታው ቀዝቃዛ ስለሆነ ጋቢ ደርቦ መጫወት ነው። እንጀራው በመሶብ፣ ቋንጣው በገመድ ላይ፣ ሽሮው በጣሳ ነው። ፍሪጅ የነበረውስ ስንቱ ነበር? ጎረቤትም «ቤቶች!» እያለ ይገባል፤ የታመመ ካለ ማታውኑ ይታወቃል። እዚህ ሂውስተን የምንኖርበት ሕንፃ ግን መብራት ሲቋረጥ የተዘጋ ሣጥን ማለት ነው። ምድጃው በኤሌክትሪክ፣ ምጣዱ በኤሌክትሪክ፣ የግቢው በር በኤሌክትሪክ ነው። የመስኮቱ ግማሽ አይከፈትም፤ የሚከፈተውም ቢሆን የሚያስገባው ትኩስ እንፋሎት ነው። ጎረቤት ደግሞ በሩን ቆልፎ ነው የሚኖረው። ታዲያ ይህንን መቼ ለመድነው?

እስቲ የ2024ቱን እናስታውስ። ሃሪኬን ቤሪል ጁላይ 8 ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 1 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ማታጎርዳ አጠገብ ከባሕር ወደ ምድር ወጣ። በ5 ደረጃዎች ከሚመደቡት አውሎ ነፋሶች መካከል የመጨረሻው ዝቅተኛ፣ ማለትም 1ኛ ደረጃ ነበር። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ከተማውን አልፎ ሄዷል። መብራቱ ግን በሂውስተንና በዙሪያዋ ከ2.2 ሚሊዮን በሚበልጡ ደንበኞች ላይ ጠፋ። (አንድ ደንበኛ ማለት አንድ ቆጣሪ እንጂ አንድ ሰው አለመሆኑን ልብ ይሏል።) ሳምንት ካለፈም በኋላ ከ200 ሺህ በላይ የሚሆኑት ገና በጨለማ ውስጥ ነበሩ። ነፋሱ የግማሽ ቀን፣ ጨለማው የሳምንት! ግማሹን ቀን ወደ ሳምንት ያስረዘመው የተፈጥሮ ቁጣ ብቻ ነው ብሎ የሚነግረን ካለ አንቀበለውም። በወቅቱ ሳይከረከም ሽቦ ላይ የወደቀው ዛፍ ነው፤ ሳይጠናከር የተሰበረው የእንጨት ምሰሶ ነው።

የኩባንያው ነገር ከተነሣ አይቀር ሁለት ጉዳዮችን እንጨምር። የመብራት መጥፋቱን ቦታ የሚያሳየው ካርታ በዚያው ዓመት በሜይ 16 ከደረሰው ማዕበል ወዲህ ተቋርጦ ስለነበር፣ በቤሪል ሰሞን የከተማው ሕዝብ የት ሰፈር መብራት እንዳለ ያወቀው ዋታበርገር ከሚባለው ሐምበርገር ቤት የስልክ መተግበሪያ ነበር። የትኛው ቅርንጫፍ ክፍት እንደሆነ እያየ «እዚያ መብራት አለ ማለት ነው» ይል ጀመር። በዚህ መሳቅ ይቻላል፤ እኛም ስቀናል። ሁለተኛው ግን አያስቅም። ከ2021 በኋላ ኩባንያው በ800 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተንቀሳቃሽ ጄኔሬተሮች ተከራይቶ ነበር፤ ወጪውም ከእኛው ሂሳብ እንዲሰበሰብ ተፈቅዶለታል። ከእነዚህ መካከል ትልልቆቹ በቤሪል ጊዜ ሥራ ላይ አልዋሉም። የተከራየውን ዕቃ ላላሠራ ክፍል በየወሩ የምንከፍል ሰዎች «ለምደነዋል» ስንል ኩባንያው ምን ይላል? እንዲህ ያለ ደንበኛ ከየት ይገኛል ይላል እንጂ!

የዚያ ሳምንት ኑሮ እንዴት እንደነበረ ለማናችንም አዲስ አይደለም። ሙቀቱ ከእርጥበቱ ጋር ሲቆጠር ከ100 ዲግሪ ፋራናይት በላይ ነበር። የተዘጋ ፍሪጅ ምግብን የሚያቆየው 4 ሰዓት ያህል ሲሆን፣ የሞላ ፍሪዘር ደግሞ 48 ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ወደ ቆሻሻ መጣያው ተጓዘ። የሐዋርያት ጾም ሊፈታ 4 ቀን ሲቀረው ነበርና ለፍስክ የተገዛው ሥጋ በየፍሪዘሩ እንደተቀመጠ ተበላሸ። ሕፃናትን ለማቀዝቀዝ መኪና ውስጥ ኤር ኮንዲሽነር ከፍቶ መቀመጥ፣ ለዚያ የሚሆን ቤንዚን ለመቅዳት መሰለፍ፣ ለአንድ ከረጢት በረዶ ሦስት ሱቅ መዞር ሆነ። በሰዓት የሚከፈለው ሠራተኛ የሚሠራበት ቤት ስለተዘጋ ደመወዙም አብሮ ቀረ። ኪራዩ ግን በወሩ መጀመሪያ ሳይጎድል ተጠየቀ። በዚሁ ግቢ ስልክ ለመሙላት 5 ዶላር ያስከፈለ ሰው ነበር ይባላል፤ ስሙን አናነሣም፣ ራሱን ያውቃል።

ከሁሉም የሚያሳስበን የከሰሉና የጄኔሬተሩ ጉዳይ ነው። «ለምደነዋል» የሚለው አባባል ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነውና። ኩራዝ የለመደ ሰው ከሰልም ለምዷል፤ ስለዚህ ማንደጃውን ሳሎን መሐል አምጥቶ ጀበናውን ይጥዳል። «ቡና ያለ ከሰል አይጥምም» ይላል። ጋሼም ይሉታል፣ እትዬም ይሉታል። ከከሰልም ሆነ ከጄኔሬተር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። መጀመሪያ ራስ ያሳምማል፣ ያቅለሸልሻል፣ እንቅልፍ ያመጣል፤ የተኛውም ሳይነቃ ይቀራል። በፌብሩዋሪ 2021 ቴክሳስ በብርድ መብራት ባጣች ጊዜ በመንግሥት ቆጠራ 246 ሰዎች ሲሞቱ፣ አንዳንዶቹን የገደላቸው ሊሞቁበት ካስነሡት መኪናና ካቀጣጠሉት ከሰል የወጣው ይኸው ጋዝ ነው። ከሟቾቹ መካከል ከእኛው ወገን የሆኑ ነበሩበት። ይህን እያወቁ በቤሪል ሰሞን ጄኔሬተር በረንዳ ላይ ያስነሡ ጎረቤቶች ነበሩን። በረንዳ ውጪ አይደለም! ጄኔሬተር ከመስኮትና ከበር ቢያንስ 6 ሜትር መራቅ አለበት፤ በረንዳችን ደግሞ ከጎረቤት መኝታ ቤት መስኮት ሁለት ክንድ አይርቅም። «ዝናብ እንዳይመታብኝ ነው» የሚል መልስ ተሰጥቶናል። ለዕቃው የታዘነውን ያህል ግድግዳ ለግድግዳ ለሚተኛው ሕፃን ቢታዘን ምን ነበረበት?

ሽማግሌዎቻችንን በሚመለከትም እንዲሁ ነው። ልጆቻቸው ዳላስ ወይም ሜሪላንድ የሚኖሩ፣ ብቻቸውን ሦስተኛ ፎቅ የተቀመጡ እናቶች አሉን። ኢንሱሊን በፍሪጅ የሚያስቀምጡ አሉ፤ በኦክሲጅን ማሽን የሚተነፍሱ አሉ። እነዚህ ሰዎች «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ እንጂ አይናገሩም። እማማን ደጋግሞ ካልጠየቋቸው ቤታቸው ምን ያህል እንደሚሞቅ አይነግሩም፤ ማስቸገር ይመስላቸዋል። ስለዚህ በስልክ «እንዴት ነዎት» ብሎ መዝጋት መጠየቅ አይባልም። ደረጃውን ወጥቶ፣ ቤት ገብቶ፣ መድኃኒቱን አይቶ መምጣት ያስፈልጋል።

በሕክምና መሣሪያ የሚኖር ሰው ሐኪሙ የሚሞላለት ቅጽ እንዳለ ብዙዎቻችን አናውቅም። ቅጹ ለመብራት ኩባንያው ሲደርስ ቤቱ ልዩ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ተብሎ ይመዘገባል። መብራት አይጠፋም የሚል ዋስትና አይሰጥም፤ ይህንንም አንደብቅም። በተጨማሪ 2-1-1 ደውሎ በአደጋ ጊዜ እርዳታ በሚያስፈልጋቸው ሰዎች የክፍለ ግዛቱ መዝገብ ላይ መግባት ይቻላል፤ በየዓመቱ ግን መታደስ አለበት። በእንግሊዝኛ መናገር ለሚቸገሩ አባላት ከማኅበሩ ወጣቶች ሁለቱ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በአዳራሹ ተቀምጠው ይሞላሉ፣ ይደውላሉ።

የሕንፃውን አስተዳደር ደግሞ ሦስት ነገር ጠይቀናል፦ የግቢው በር መብራት ሲጠፋ በእጅ እንዲከፈት፣ በየቤቱ በባትሪ የሚሠራ የጋዝ ማስጠንቀቂያ እንዲሰቀል፣ በሽቦው ላይ ያዘነበለው የጓሮው ዛፍ እንዲከረከም። በቃል «እናያለን» ተብለናል። በጽሑፍ መልስ እስኪሰጠን ድረስ ማመልከቻው ፊርማ እየጨመረ ይቆያል። «ለምደነዋል» የሚሉ ወገኖች ባይፈርሙ መብታቸው ነው፤ የሌላውን ሰው ብዕር ግን እባካችሁ አትያዙ።

የአውሎ ነፋሱ ወራት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። የማመልከቻው ወረቀትና በየፎቁ ማን ማንን እንደሚጎበኝ የሚጻፍበት ሠንጠረዥ ከዚህ ጽሑፍ በስተቀኝ ተሰቅለዋል። ከአንደኛና ከሁለተኛ ፎቅ ሰው ተመዝግቧል። የሦስተኛው ፎቅ መስመር እስከ ዛሬ ጠዋት ባዶ ነው።

የነዋሪዎች ማኅበር፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ ክፍል