ድግስ በቀኑ፣ ሽሮ በየዕለቱ

በዚህች ጋዜጣችን ስለ ፈተና ውጤት፣ ስለ መጻሕፍት ማነስና ስለ መኝታ ቤት ውሃ መጥፋት ብዙ ጊዜ ተጽፏል። ስለ ሆድ ግን የሚጽፍ አይገኝም። በአገራችን ስለ መብል አብዝቶ መናገር እንደ ነውር ስለሚቆጠር «ሆዳም» መባልን የማይፈራ ሰው የለም። ይሁን እንጂ በቀን ሦስት ጊዜ ሰልፍ የምንቆምለት፣ ከቤተ ሰብ የተላከልን ገንዘብ የሚያልቅበት፣ ከወሬያችንም እኩሌታውን የሚይዘው ጉዳይ ሊታሰብበት አይገባም ማለት ራስን ማታለል ነው። ስለዚህ ሆዳም መባሉን ችዬ ጥቂት ልጻፍ።

በመካከላችን ሁለት ዓይነት ሰዎች አሉ። የመጀመሪያዎቹ «ወጣትነት አንድ ጊዜ ነው፤ ያገኘነውን እንብላ፤ ጤና ሲጓደል ያን ጊዜ እናስብበታለን» የሚሉ ናቸው። ሁለተኛዎቹ ደግሞ በስልካቸው ያዩትን የባዕድ አገር አመጋገብ እንደ ሕግ ተቀብለው እንጀራን እንደ ጠላት የሚቆጥሩ፣ ሰኞ ዕለት «እህል የሚባል አልቀምስም» ብለው ምለው ሐሙስ ማታ የሳምንቱን ቦንቦሊኖ በአንድ ጊዜ የሚጨርሱ ናቸው። ሁለቱ ወገኖች ሲታዩ የተለያዩ ይመስላሉ፤ ስሕተታቸው ግን አንድ ነው። ይኸውም ጤናንና ደስታን ባላንጣ አድርገው ማየታቸው ነው። በእኔ አስተያየት ጣፋጭ ነገር ይበላ ወይስ አይበላ ብሎ መከራከር ዋጋ የለውም። መከራከር የሚገባን መቼ፣ በምን መጠንና ከማን ጋር ይበላ በሚለው ላይ ነው።

ይህን ጥያቄ ወላጆቻችንና አያቶቻችን የሥነ ምግብ መጽሐፍ ሳያነቡ በኑሯቸው መልሰውት ነበር። የዶሮን ወጥ እንመልከት። በአገራችን ከዶሮ ወጥ የበለጠ የክብር ምግብ የለም። ነገር ግን ዶሮዋ በ12 ብልት ትከፈላለች፤ ለእያንዳንዱ ሰው የሚደርሰው አንድ ብልትና አንድ እንቁላል ነው። ድግሱ ራሱ መስፈሪያ ነበረው ማለት ነው። ቅርጫም እንዲሁ ነው፤ ጎረቤት ገንዘብ አዋጥቶ በሬ ይገዛል፣ ሥጋው በመደብ ይከፋፈላል፣ ማንም ብቻውን ተደብቆ አይበላም። ክርስቲያኑ ዐቢይ ጾምን 55 ቀን ጾሞ ፋሲካ ሲደርስ፣ በብዙ ቤት ከሥጋው አስቀድሞ ተልባ ይጠጣል፤ ለረጅም ጊዜ ቅባት ያላየ ሆድ በድንገት እንዳይጨነቅ ነው። እስላሙም በረመዳን ቀኑን ሙሉ ጾሞ ሲያፈጥር በተምርና በውሃ ይጀምራል። በሁለቱም ዘንድ ደስታው የታወቀ ቀን፣ የታወቀ መጠንና አብሮ የሚበላ ሰው አለው።

ይህን ስል የጥንቱ ሁሉ መልካም ነበር ማለቴ አይደለም። ጥሬ ሥጋ መውደድ የኮሶ ትል ስላመጣ፣ አያቶቻችን የኮሶን አበባ እየበጠበጡ ሲጠጡና ሲሠቃዩ ኖረዋል። ዛሬም ቁርጥ የሚወድ ሰው ይህን ዕዳ ማሰብ ይገባዋል። ድግሱንም በጭስ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ቆመው የሚያዘጋጁት እናቶቻችንና እኅቶቻችን እንደ ነበሩ፣ ዛሬም በብዙ ቦታ እንደዚያው መሆኑን መርሳት ግፍ ነው። እኔ ከጥንቱ የምወስደው አንዱን ነገር ብቻ ነው፤ የድግስ ቀን ከዘወትር ቀን ተለይቶ መታወቁን።

ዛሬ የጠፋን ይህ ልዩነት ነው። ድግስን ወደ ዘወትር አወረድነው፤ ባወረድነውም ጊዜ ጣዕሙን አጣነው። ለዚህ ስኳር ጥሩ ምስክር ነው። አንድ ተማሪ በአንድ ብርጭቆ ሻይ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር እየጨመረ በቀን አራት ሻይ ቢጠጣ 12 ማንኪያ ይሆናል። አንዱ ማንኪያ 4 ግራም ያህል ቢይዝ ድምሩ 48 ግራም ነው። ከምሳ በኋላ አንድ 300 ሚሊ ሊትር የኮላ ለስላሳ ቢደርብበት፣ በዚያ ጠርሙስ ውስጥ ብቻ 30 ግራም ያህል ስኳር ስላለ፣ የቀኑ ስኳር ወደ 80 ግራም ይጠጋል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ እንዲህ ያለው ስኳር ሰው በቀን ከሚያገኘው ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን መክሯል፤ በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው ይህ 50 ግራም ነው። ወደ እኩሌታው ቢወርድ ደግሞ የበለጠ እንደሚጠቅም ጨምሮ ገልጿል።

እንግዲህ ልብ በሉ። ይህ ተማሪ ሠርግ አልሄደም፣ ኬክ አልቆረሰም፣ ማርም አልላሰም። 80 ግራም ስኳር ጠጥቶ አንድም ጊዜ «ዛሬ ጣፋጭ ነገር ቀመስሁ» ብሎ አልተደሰተም። ጥርሱ ግን ይቆጥራል፤ ዓመታት ሲያልፉም ሰውነቱ ይቆጥራል። የስኳር በሽታና የደም ግፊት የባለጠጎች ሕመም ናቸው ይባል የነበረው ዛሬ የማይሠራ ወሬ ሆኗል። «ማርም ሲበዛ ይመራል» የሚለው ተረት ስለ ምላስ ብቻ የተነገረ አይደለም።

ከዚህም በቀር ስያሜ ያታልለናል። «የጾም ነው» ከተባለ ሁሉ ነገር ለጤና የተስማማ የሚመስላቸው አሉ። በዘይት የተጠበሰ ድንች፣ የጾም ኬክና ለስላሳ መጠጥ ሥጋና ቅቤ የለባቸውምና ጾም አይሽሩ ይሆናል፤ ነገር ግን ዘይቱና ስኳሩ የሃይማኖት ቀን መቁጠሪያ አያነቡም። የጾምን መንፈሳዊ ዋጋ ለመናገር ሥልጣኑ የለኝም፤ ስለ ሳሕኑ ብቻ ነው የምናገረው።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ከገጠር ለመጣ ተማሪ እናቱ በሶና ዳቦ ቆሎ፣ ሲሆንላትም ጭኮ ቋጥራ ትልክለታለች። እርሱ ግን ይህን ከአልጋው በታች ይደብቅና ማታ መብራት ሲጠፋ ይበላዋል፤ ለስላሳውን ግን በአደባባይ ይዞ ይዞራል። ለምን? የበሶው ሽታ ድህነትን የሚያወራ፣ የጠርሙሱ መልክ ደግሞ ሥልጣኔን የሚያወራ ስለሚመስለው ነው። በሶ የተቆላ ገብስ ነው፤ በገብስ ውስጥ ያለው ፋይበር በደም ውስጥ ያለውን ኮሌስትሮል ለመቀነስ እንደሚረዳ በጥናት የታወቀ ነው። ጠርሙሱ ግን ውሃ፣ ስኳርና ቀለም ነው። እንግዲህ ከሁለቱ የትኛው ሊደበቅ ይገባው ነበር? በላብራቶሪ ስለ ምግብ ንጥረ ነገር ተምረን፣ በመኝታ ቤታችን የእናታችንን ስንቅ የምናፍርበት ከሆነ የትምህርታችን ጥቅም ምን ላይ ነው?

ሽሮም እንዲሁ የተናቀ ምግብ ነው። «ዛሬም ሽሮ!» የማይል ተማሪ የለም። ሆኖም እንጀራና ሽሮ የተጋቡት በአጋጣሚ አይደለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል በእህል ውስጥ ያንሳል፣ በባቄላ፣ በአተርና በሽምብራ ውስጥ ግን ይበዛል፤ ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። በሽሮው አጠገብ አንድ ጥሬ ቃርያ ቢጨመር፣ በቃርያ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ ሰውነት ከምግቡ ብረት እንዲያገኝ ይረዳል። ምግቡ ሳይወርድ የሚጠጣ ሻይ ግን ይህንኑ ብረት ይይዝብናል። ስለዚህ በተለይ የደም ማነስ የሚያሰጋቸው እኅቶቻችን ሻዩን ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ቢያዘገዩት ያለ ምንም ወጪ ይጠቀማሉ። ጎመንም ያለ ዘይት መብላት ጽድቅ የሚመስላቸው ካሉ አንድ ነገር ይወቁ፤ በጎመን ውስጥ ያለው የቫይታሚን ኤ ምንጭ በሚገባ ወደ ሰውነት የሚገባው ጥቂት ቅባት ሲኖር ነው። ጤናና ጣዕም ባላንጣ አይደሉም ማለቴ ስለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንዱ ተነሥቶ «ወንድሜ፣ ሽሮ ሽሮ ስትል የኛን ምግብ ቤት ሽሮ ቀምሰኸዋል?» ቢለኝ ፍርዱ ትክክል ነው። ወጡ ሲቀጥን፣ ወሩን ሙሉ አንድ ዓይነት ወጥ ሲመላለስ፣ ተማሪው በር ላይ ወደሚሸጠው እርጥብና ፓስቲ ቢሮጥ ሆዳም ስለሆነ አይደለም፤ ስላልጠገበ ነው። የተራበን ሰው ስለ ልክ መስበክ ስድብ ነው። ስለ ልክ መናገር የሚቻለው በመጀመሪያ የዘወትሩ ማዕድ ሲሞላ ነው። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ2014 ዓ.ም. ያወጣው የአመጋገብ መመሪያ ሰው ልዩ ልዩ ዓይነት ምግብ እያፈራረቀ እንዲመገብ ይመክራል። ምግቡን ደግሞ በነጻ የተሰጠን አድርገን አንቁጠረው፤ የወጪ መጋራት ውል ፈርመንበታል። ስለዚህ የተሻለ ምግብ መጠየቅ ቅብጠት ሊባል አይችልም፤ መብት ነው።

እንግዲህ ለኅብረታችን መሪዎች ሦስት ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ከምግብ ቤቱ ኃላፊዎች ጋር ተነጋግረው ምስርና ክክ፣ ጎመንና ድንች፣ ባቄላና ሽሮ በሳምንቱ ውስጥ እንዲፈራረቁ፣ ቃርያ ወይም ሎሚም በወቅቱ እንዲቀርብ ይጠይቁ። ይህ ሥጋ እንደ መጠየቅ ከባድ ወጪ አይደለም።

ሁለተኛ፣ በላውንጁ መደርደሪያ ላይ ከብስኩትና ከለስላሳ ጎን ቆሎ፣ ንፍሮ፣ ሙዝና በብርጭቆ የተበጠበጠ በሶ እንዲሸጥ ያድርጉ። ለስላሳ ይከልከል አልልም፤ ክልከላ የተደበቀ ፍላጎት ይወልዳል። ነገር ግን በሶ በአደባባይ በብርጭቆ ሲሸጥ ያ ከአልጋ በታች ያለው ዕፍረት ራሱ ይቀልላል።

ሦስተኛ፣ የድግስን ቀን እንመልስ። ለምሳሌ አንድ ተማሪ በየዕለቱ ለለስላሳና ለተጠበሰ ነገር 40 ብር ያወጣል እንበል። በወር 1,200 ብር ነው። በአንድ መኝታ ክፍል ስድስት ተማሪዎች ቢኖሩ 7,200 ብር ይሆናል። ከዚህ እኩሌታውን፣ 3,600 ብር፣ በዕቁብ መልክ ቢያስቀምጡ፣ በወሩ መጨረሻ እሑድ አብረው አንድ እውነተኛ ማዕድ መቅረብ ይችላሉ፤ ያልተቸገረው የተቸገረውን ጓደኛውን ደግፎ ማለት ነው። ያን ቀን ጣፋጩም ይብዛ፣ ሳቁም ይብዛ፤ ካሎሪ የሚቆጥር ሰውም ከዚያ ማዕድ ይራቅ! ሠላሳ ቀን በጥቂት በጥቂቱ ሳናጣጥመው ያለፈውን በአንድ ቀን ከወዳጅ ጋር አጣጥመን ብንበላው ማን ይጎዳል?

የተከበራችሁ መምህራን ሆይ፣ እናንተም ከዚህ ነገር ውጭ አይደላችሁም። በሻይ ቤቱ መስኮት በኩል ስናልፍ በማኪያቶአችሁ ውስጥ የሚገባውን ማንኪያ እንቆጥራለን። ከመጽሐፍ የምታስተምሩንን ያህል ከሳሕናችሁና ከብርጭቆአችሁም እንማራለን።

በአገራችን ዛሬም ምርጫ የሌለው፣ የሚበላው ያጣ ብዙ ወገን አለ። እርሱ ቢሰማን «ምን መብላት እንዳለባቸው የሚከራከሩ ሰዎች አሉ?» ብሎ ይደነቅ ይሆናል። ነገር ግን ነገ ሐኪም፣ የግብርና ባለሙያ፣ የትምህርት ቤት ዲሬክተርና ሹም ሆነን የሌላውን ሰው ማዕድ የምንወስነው እኛው ነን። በሶን የሚያፍር ሐኪም ለገጠር እናት «ልጅሽን ብስኩት አብዪ» ሲል ይገኛል። ሽሮን የሚንቅ ሹምም ለሕፃናት ምገባ የታሸገ ነገር ከውጭ ያስመጣል። ስለዚህ ዛሬ በየመኝታ ክፍላችን ካለው የተደበቀ ከረጢት እንጀምር። ከረጢቱን አውጥተን ጠረጴዛ ላይ እናስቀምጠው፤ ጓደኛም እንጋብዝበት።

ከአንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ