ጥላ ቢሱ ወንበር

«ጥላ ቢስ» የሚለው ቃል በአገራችን የሚሰነዘረው ግርማ በሌለው፣ ለዓይን በማይሞላ ሰው ላይ ነው። ኦግመንትድ ሪያሊቲ የተባለው ጥበብ፣ ይኸውም በእጅ ስልክ ካሜራ በሚታየው ክፍል ውስጥ ምናባዊ ዕቃ አስቀምጦ የሚያሳየው፣ በተስፋፋበት በዚህ ጊዜ ግን ስድቡ ቀጥተኛ ትርጉም ያገኘ ይመስለናል። ወንበሩ ቅርጹ አምሮ፣ ልኩ ተስተካክሎ፣ የጨርቁ ክር ሳይቀር እየታየ፣ ከወለሉ በላይ የተንሳፈፈ ይመስላል። ጥላ የለውማ! ወይም ጥላው ወደ መስኮቱ ይወድቃል።

ብዙ ወጣት ባለሙያዎች ድካማቸውን ሁሉ በቅርጹ ላይ ሲያፈሱ እናያለን። እኛ ግን ዓይንን ከቅርጽ ይልቅ የሚያሳምነው ብርሃን ነው እንላለን። (የጥንት የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን የወደቀ ጥላ እምብዛም አያሳዩም፤ እነርሱ ግን በሳሎናችን ወለል ላይ ቆመናል አይሉም።)

ነገሩ የተጀመረው ዛሬ አይደለም። ፖል ዴቤቬክ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1998 ባወጣው ጽሑፍ፣ እንደ መስተዋት የሚያንጸባርቅ ኳስ በሥፍራው አኑሮ ፎቶግራፍ በማንሣት፣ ከየአቅጣጫው የሚመጣውን ብርሃን ለመለካትና በኮምፒዩተር የተሠራውን ዕቃ በዚያው ብርሃን ለማሳየት እንደሚቻል አስረዳ። ይሁን እንጂ ሶፋ ለመምረጥ ስልኩን ያወጣውን ሰው «በመጀመሪያ ኳስ አምጣ» ሊሉት አይቻልም።

ስለዚህ ስልኩ መገመት ግድ ሆነበት። የአፕል ኤአርኪት በ2017 ሲቀርብ ስለ ክፍሉ ብርሃን በመሠረቱ የሚናገረው ብዛቱንና የቀለሙን ሙቀት ነበር፤ ከየት እንደሚመጣ ግን አይገልጽም። ጉግል በ2019 በኤአርኮር ላይ የጨመረው ዘዴ ከዚህ እጅግ የራቀ ነው። የዋናውን ብርሃን አቅጣጫ፣ ከግድግዳና ከጣራ የሚመለሰውን ለስላሳ ብርሃን በ27 ቁጥሮች፣ በሚያብለጨልጭ ነገር ላይ የሚታየውንም ነጸብራቅ ገምቶ ያቀርባል። በዚያው ዓመት የጉግል ተመራማሪዎች፣ ዴቤቬክም ከመካከላቸው ሆኖ፣ ባወጡት ጥናት ማሽኑን ያስተማሩት በስልኩ ካሜራ ፊት ሦስት ኳሶች አድርገው ቪዲዮ በማንሣት ነበር፤ አንዱ መስተዋት፣ አንዱ ደብዛዛ ብርማ፣ አንዱ ግራጫ። ኳሱ ተመልሶ መጣ፤ ለማሽኑ ትምህርት ብቻ።

ሥራው የሚደነቅ መሆኑ አይካድም። ሆኖም ካሜራው የሚያየው ከፊቱ ያለውን ነው፤ ከባለቤቱ ጀርባ ያለውን መስኮት አያይም፤ የጎደለውን ከተማረው ይሞላል። ለጨዋታ ሲሆን ማንም አይጎዳም። ነገር ግን ከደመወዙ ወር በወር ቆጥቦ ሶፋ የሚገዛ ሰው ቀለሙን የሚመርጠው በዚያ ግምት ላይ ተመሥርቶ ነው። ጥላ ቢሱ ወንበር እኮ ማንንም አያታልልም፤ ሐሰቱ ያስታውቃል። የሚያሰጋን ጥላው በሚገባ የወደቀለት ነው፤ ምክንያቱም ገዢው ጥላውን ባመነበት ዓይን የጨርቁንም ቀለም ያምናል።

በእኛ አስተያየት፣ ሻጩ ከሥዕሉ ሥር «ብርሃኑና ቀለሙ በግምት የተሠራ ነው» ብሎ መጻፍ ይገባዋል። ይህን እስኪያደርግ ድረስ ግን ገዢው አንድ ዕንቁላል ከምናባዊው ወንበር አጠገብ ያስቀምጥና ሁለቱን በስልኩ ይመልከት። የዕንቁላሉ ጥላ ወደ ግራ፣ የወንበሩ ወደ ቀኝ ከወደቀ፣ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ወደ ሱቁ በእግሩ ይሂድ።